ወርቅ ነው ያልኳት ሳንቲም

ሚያዝያ 23 ቀን ጠዋት ከሌሊት ሥራ ተመልሼ የቤቴን በር ስከፍት በመጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ብርሃን ነበር። እናቴ በመስኮቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አቁማ፣ ጧፍ አብርታ፣ ከሥዕሉ ሥር ነጭ መሐረብ አንጥፋለች። በመሐረቡ መካከል አንዲት ክብ ነገር ቦግ ብላ ታበራለች። ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ምን እንደሆነች አወቅሁ፤ ምን እንደደረሰባትም አወቅሁ። ያቺ ሳንቲም እንደዚያ ማብራት አልነበረባትም።

«እንኳን አደረሰህ የኔ ልጅ» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ጊዮርጊስህን አጥቤ ጠበቅሁህ።»

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ስለ ሳንቲሞቼ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ሌሎቹ በደስታ አወራለሁ፤ ስለዚህች ግን ዝም እላለሁ። ሲከነክነኝ የኖረው የገንዘቡ ጉዳይ አይደለም። በዚያ ጠዋት እናቴን ያየሁበት ዓይንና የመለስኩላት መልስ ነው። ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ከእኛ በዓል በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገበያ ያልወጣ ገንዘብ

ወደዚህ ነገር የገባሁት በሰው ጉዳይ ነው። ሰሜን ለንደን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ትተውለት የሞቱትን ጥቂት ሳንቲሞች ለጨረታ ሊያስመዘግብ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ለንደን ውስጥ ከጨረታው በፊት ባሉት ቀናት ማንም ሰው ገብቶ ዕቃዎቹን ማየት ይችላል። ማየት የሚፈልገውን ዕቃ ቁጥር ይናገራል፤ መብራት ያለበት ጠረጴዛ ላይ ያቀርቡለታል። እኔ የምናገረው ቁጥር አልነበረኝም። ባልደረባዬ ከሠራተኞቹ ጋር ሲነጋገር አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አይተው የጨረሱትን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና «በጠርዟ ብቻ ያዛት» አሉኝ።

በሳህኑ ላይ የነበረችው በ1839 የታተመች የ5 ፓውንድ ወርቅ ናት። ወደ 40 ግራም ትመዝናለች። በአንድ ፊቷ ወጣቷ ንግሥት ቪክቶሪያ አሉ፤ በሌላው ፊቷ እኚያው ንግሥት ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ በትረ መንግሥት ይዘው፣ ከጎናቸው አንበሳ አስከትለው ይሄዳሉ። ቀራጩ ዊልያም ዋዮን ነው። ሳንቲሟን «ኡና እና አንበሳው» ይሏታል። ኡና በአንድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ግጥም ውስጥ ያለች ልጃገረድ ናት፤ አንበሳው ሊበላት መጥቶ ንጽሕናዋን ሲያይ ጠባቂዋ ሆኖ ቀርቷል። በልጅነታችን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንባባል ነበር። እዚህች ሳንቲም ላይ ንግሥቲቱና ጎፈሩ በአንድ ፊት አብረው ሲሄዱ ሳይ፣ እጄ ላይ ያለው የማን አገር ገንዘብ እንደሆነ ለአፍታ ጠፋኝ።

በምስሉ ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ አለ። ሽማግሌው ሲተረጉሙልኝ «አምላክ ሆይ፣ እርምጃዬን ምራ» ማለት ነው አሉ። ማታ ደብረ ብርሃን ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ በየቀኑ ዳዊት ትደግማለች። ተናግሬ ሳልጨርስ «አካሄዴን እንደ ቃልህ አቅና» ብላ ተቀበለችኝ። «መዝሙር 118 እኮ ነው፤ ፌ የሚለው ጋ።» እንግሊዞች ይህንኑ መዝሙር 119 ይሉታል። የላቲኑ መጽሐፍ ግን እንደ እኛው 118 ብሎ እንደሚቆጥረው ያወቅሁት በኋላ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ግን ከዘመዶቼ ማንም ያላየውን፣ ዘመኑም የእኔ ያልሆነውን ነገር መናፈቅ የጀመርኩት በዚያ ማታ፣ በእናቴ መዝሙር በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ደግሞ ምን አየህ?» ትለኝ ጀመር።

እነዚህ ሳንቲሞች ዳቦ ሊገዙ የተሠሩ አይደሉም። አንዳንዶቹ የሙከራ ናቸው፤ ሰብሳቢዎች ፓተርን ይሏቸዋል። ቀራጩ ያሰበውን መልክ በወርቅ አትሞ ለንጉሡና ለሹማምንቱ ያሳያል። ከተወደደ ይሠራበታል፤ ካልተወደደ እዚያው ይቀራል። ሌሎቹ ፕሩፍ ይባላሉ። ሳንቲሙን የሚያትመው የብረት ቅርጽ ይወለወላል፤ ገና ያልታተመው ወርቅም ይወለወላል፤ ከዚያም አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ይመታል። ሜዳው፣ ማለትም በምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ፣ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ ምስሉ ከላዩ ላይ እንደ ደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ ነጣ ብሎ ይወጣል።

ልቤን ይበልጥ የሚነኩት የሙከራዎቹ ናቸው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ዲሴምበር 11 ቀን 1936 ዙፋናቸውን ሲለቁ ሳንቲማቸው ጃንዋሪ 1 ቀን 1937 ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ከቻርልስ 2ኛ ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ ንጉሥ በሳንቲም ላይ ከቀዳሚው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያይ ልማድ አለ። አባታቸው ጆርጅ 5ኛ ወደ ግራ ያዩ ስለነበር እሳቸው ወደ ቀኝ ማየት ነበረባቸው። እምቢ አሉ፤ ፀጉራቸው የተከፈለበት የግራ ጎናቸው እንዲታይ ፈለጉ። ቀራጩ ሃምፍሬ ፔጄትም እንደፈለጉት አደረገ። ከዚያ ሁሉ ክርክር የተረፉት ጥቂት የሙከራ ቅጂዎች ናቸው። 1937 የሚል ዓመት ታትሞባቸዋል፤ 1937 ሲገባ ግን እሳቸው ንጉሥ አልነበሩም። ሶቨሪን ከሚባሉት የአንድ ፓውንድ የወርቅ ሳንቲሞች አንዱ በ2020 በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተሽጧል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዋጋው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወንድማቸው ጆርጅ 6ኛ ሲነግሡ በሳንቲማቸው ላይ ወደ ግራ አዩ። ኤድዋርድ በደንቡ መሠረት ወደ ቀኝ አይተው ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ንጉሥ የሚያየው ወደዚያ ነበርና። ገበያ ያልወጣ ሳንቲም፣ ያውም ባልታተመበት አቅጣጫ፣ እንደነበረ ተቆጥሮ ወረፋው ቀጠለ። ብዙ ሌሊት ይህን እያሰብኩ ፈገግ ብያለሁ። አንድ አገር ያልሆነውን ነገር እንኳን ቦታ ሰጥቶ ያልፈዋል።

አሸዋ የነካው ወርቅ

እነዚህን ማየት እንጂ መግዛት ለእኔ አይታሰብም። ለወራት በየጨረታው እየሄድኩ በጠርዛቸው ይዤ መልሻለሁ። በመጨረሻ ዓይኔ ያረፈው ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች በማይወዱት ሳንቲም ላይ ነው፤ የ1902 ፕሩፍ ሶቨሪን።

ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሊደፉ የታሰበው ጁን 26 ቀን 1902 ነበር። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ኦገስት 9 ቀን ዘውድ ደፉ። ራስ መኮንን አፄ ምኒልክን ወክለው ወደ ለንደን የተጓዙት ለዚህ በዓል ነው። ለበዓሉ መታሰቢያ ከወርቅና ከብር የታተሙ ፕሩፎች በሣጥን ተደርድረው ተሸጡ፤ ከእነሱ መካከል ሶቨሪኑ 15,123 ነው። ቁጥሩ ከኡና ጋር ሲተያይ ብዙ ነው። ለእኔ ግን የራስ መኮንን ዓመት መሆኑ በቂ ነበር።

የ1902ን ፕሩፍ ከሌሎቹ የሚለየው አለማብረቁ ነው። ሮያል ሚንት የሚባለው የእንግሊዝ ሳንቲም ማተሚያ ሠራተኞች የብረቱን ቅርጽ እንደ ወትሮው በመወልወል ፈንታ የደቀቀ አሸዋ በአየር ኃይል ነፉበት። በዚያ ቅርጽ የታተመው ወርቅ ጥርት ያለ ሜዳ የለውም። ከዳር እስከ ዳር እንደ ሰርገኛ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት አይመልሰውም፣ ይጠጣዋል። ብዙ ሰው ሲያየው ያረጀ ወይም የቆሸሸ ይመስለዋል። እኔ ግን ከመስታወቱ ይልቅ ይህን እወዳለሁ። በመስታወቱ ፕሩፍ ላይ ዞሮ ዞሮ የማየው የራሴን ፊት ነው። በዚህኛው ላይ የማየው ጆርጅ ዊልያም ደ ሶልስ የቀረጸውን የንጉሡን ፊት ነው፤ የጢማቸው ዘለላ፣ የዓይናቸው ቆብ፣ የጉንጫቸው ሥጋ ያለ ምንም ነጸብራቅ ይለያል። በቀን ስምንት ሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያፈጥ ሰው እንዲህ ያለ ዝምተኛ ገጽ ያሳርፈዋል።

በጀርባው ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ይህን ምስል የሠራው ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ የሚባል ሮም የተወለደ የከበረ ድንጋይ ቀራጭ ነው፤ በሶቨሪን ላይ መጀመሪያ የወጣው በ1817 ሲሆን እስከ ዛሬም አለ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ተነሥቶ፣ ዘንዶው ከሥሩ ተገልብጦ፣ ጊዮርጊስ አጭር ሰይፍ ይዞ። ልብስ ብሎ ነገር የለውም፤ ቁርና ከትከሻው ወደ ኋላ የሚበር ካባ ብቻ ነው ያለው።

ገንዘቡን ለማጠራቀም ከግማሽ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። ያወጣሁበት ዋጋ ከወርቁ ክብደት ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ነውና።

እናቴ በዚያ ዓመት በመጋቢት ለሦስት ወር መጣች። በሦስተኛው ቀን ሳንቲሟን ከመያዣዋ አውጥቼ በመሐረብ ላይ አሳየኋት። መጀመሪያ ያየችው ጊዮርጊስን ነው። «ምነው እርቃኑን አደረጉት?» አለች፤ አዘነች። «ብሩታዊትስ የታለች?» የእኛ ሥዕል ላይ ከዛፉ ላይ ሆና የምታየውን ልጅ ፈለገች። የዚህ አገር ሠዓሊ በሌላ መንገድ እንዳሰበው ነገርኳት። ከዚያ ገልብጣ ንጉሡን አየችና «ለመሆኑ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ወርቅ ነው እማዬ።»

«ስንት ያወጣል?»

«ወደ 8 ግራም ይመዝናል።»

አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው ነው። የጠየቀችኝ ዋጋውን ነበር፤ የመለስኩላት ክብደቱን። ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የዚያን ዓመት ለፋሲካ ለቤት የላክሁት ብር ከወትሮው ያነሰ ነበር፤ ለምን እንዳነሰ በመሐረቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለአንዲት ሳንቲም ያን ያህል አወጣሁ ለማለት አፈርኩ። «ወርቅ ነው» ማለት ቀላል ነው። ወርቅን እናቴ ታውቀዋለች፤ ወርቅ መግዛት ቁም ነገር ነው፤ ለክፉ ቀን ይሆናል። በዚያች ቃል ተሸሸግሁባት።

«ወርቅ ሆኖ እንዲህ ፈዘዘ?» አለች ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ እያየች። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ።

የበዓሉ ጠዋት

እንግሊዞች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቀን ኤፕሪል 23 ያከብራሉ፤ እኛ ሚያዝያ 23። ቁጥሩ አንድ ሆኖ የቀን መቁጠሪያችን በመለያየቱ የእኛው ከስምንት ቀን በኋላ ሜይ 1 ላይ ይውላል። እናቴ ይህን ስነግራት ደስ ብሏት «እነሱ ዋዜማውን ይቁሙለት፣ እኛ በዓሉን እናከብራለን» ብላ ነበር። ስምንቱን ቀን ሙሉ ምን ልታደርግለት እንደምትችል ስታስብ እንደቆየች የገባኝ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ ብቻዋን አውቶቡስ መያዝ ትፈራለች፣ እኔ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ነኝ። በቤት ውስጥ ለጊዮርጊስ የሚደረግ ምን አለ? ጊዮርጊስ ያለበት ወርቅ አለ። ፈዟል።

ያደረገችውን ራሷ ነገረችኝ፤ ደስ እያላት። ሎሚ ጨመቀች። የጥርስ ሳሙና ጨመረችበት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ እንዳይጎዳ በቀስታ፣ መጀመሪያ ንጉሡን ከዚያ ጊዮርጊስን ፈተገች። በሞቀ ውኃ አጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። «አመድ ቢኖር ከዚህም በላይ ይጠራ ነበር» አለችኝ።

አመዱን ስትጠራ አያቴ ትዝ አለችኝ። አያቴ ከጠገራ ብር የተሠራ የአንገት መስቀል ነበራት። የዓመት በዓል ዋዜማ ሲሆን እናቴና እህቶቿ ተራ ገብተው በአመድና በሎሚ ሲፈትጉት አይቻለሁ። የእናቴ እጅ የተማረው ይህንን ነው፤ ብርና ወርቅ ለበዓል ይጠራል። ጠገራው ራሱ ከዚህ ታሪክ የራቀ አይደለም። ከ1936 ጀምሮ ያኔ ለንደን የነበረው ያው ሮያል ሚንት የማሪያ ቴሬዛን ብር፣ ዓመቱን እንደ ጥንቱ 1780 እያለ፣ ያትም ነበር። የእኔ ሶቨሪን የወጣበት ግቢና ብዙ ጠገራ የወጣበት ግቢ አንድ ነው፤ ለንደን ግንብ አጠገብ የነበረው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን ሲውል ሲያድር ነው። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ነገር የለም።

ሳንቲሟን በጠርዟ አነሣኋት። የንጉሡ ጉንጭ ላይ ያ የላመ ዱቄት የለም። በምትኩ ቀጫጭን ጭረቶች፣ ብሩሹ የሄደበትን መንገድ ተከትለው፣ ከጆሮ ወደ አገጭ በቅስት ወርደዋል። ሜዳው አብረቅርቋል፤ ግን የመስታወት ፕሩፍ አብረቅራቂነት አይደለም፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ የበር እጀታ ብርሃን ነው። ወደ ጧፉ አዘነበልኳት። ለ120 ዓመት ያህል አልፎ አልፎ በሰው እጅ ስትያዝ፣ በሁለት ዓለም ጦርነት ውስጥ ስታልፍ፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ስትዘዋወር ያልጠፋ ነገር በአንድ ማታ ጠፍቷል። ያጠፋው ክፋት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። የጠፋው በሙሉ ልብ፣ ለቅዱስ ክብር ሲባል ነው።

ቀና ስል እናቴ ፊቴን እያየች ነው።

«አላማረም?»

«አምሯል እማዬ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ?»

«ድካም ነው።»

ሳንቲሟን መሐረቡ ላይ መልሼ አስቀመጥኩና መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ። ስለዚያች ደቂቃ ብዙ አስቤያለሁ። ዝም ማለቴን ደግነት ነው ብዬ ራሴን ሳሳምን ቆይቻለሁ፤ የበዓል ቀኗን አላበላሸሁባትም፣ እናት በልጇ ዕቃ አይፈረድባትም እያልኩ። አሁን ግን እንደዚያ አላምንም። ዝም ያልኩት ብናገር ዋጋውን መናገር ስለሚኖርብኝ ነው። ዋጋውን ብናገር ደግሞ በመጋቢት የሸሸግሁት ይወጣል። በልቤ እሷን ከስሼ፣ በአፌ አመስግኜ፣ የራሴን ጥፋት ደበቅሁ። ያን ቀን እንደ ሌላ ጊዜ ቁርስ በላን፤ ቡና አፈላች። ሦስት ጊዜ ያህል ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሳንቲሟን አይታ ተመለሰች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ፊቷ ያበራ ነበር። እኔ ሲኒዬን አፍጥጬ አይ ነበር።

ጸድቷል

እናቴ በግንቦት መጨረሻ ከተመለሰች በኋላ ሳንቲሟን መሃል ለንደን ወዳለ አንድ ነጋዴ ወሰድኳት። ልሸጣት አልነበረም። ምናልባት ዓይኔ አጋኖት ይሆናል፣ ሰውየው ደህና ናት ይለኛል ብዬ ነው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ከአምስት ሰከንድ በላይ አልፈጀበትም። ከመዘነ በኋላ የዕለቱን የወርቅ ዋጋ በወረቀት ጽፎ ገፋልኝ። አንድ ሶቨሪን 7.98 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም። ሒሳቡ ይኸው ነበር፤ በ1902 በሚሊዮን ታትሞ ገበያ ከዋለው ተራ ሶቨሪን ጋር አንድ ዋጋ።

እዚያ መደብር ውስጥ ቆሜ ግልጽ የሆነልኝ ነገር አለ። ከሳንቲሟ ላይ ወርቅ አልጎደለም። ነጋዴው ሲመዝናት ክብደቷ ሙሉ ነበር። የጠፋው ክብደት የሌለው ነገር ነው፤ አንድ ሠራተኛ በ1902 አሸዋ በነፋበት ቅርጽ ላይ የቀረ፣ ከወርቁ ላይ እንደ እስትንፋስ ያረፈ ገጽ። ከከፈልኩት ገንዘብ አብዛኛውን የከፈልኩት ለዚያ ነበር። በቅኔ ትምህርት ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይቀራል፤ ሊቁም ተማሪውን የሚመራው ከሰሙ ወደ ወርቁ ነው። እዚህ የተገለበጠ ነው። ወርቁ ሁሉ በቦታው አለ፤ ሰሙ ቀልጦ ሄዷል፤ ምስጢሩ ደግሞ በሰሙ ነበር።

ሳንቲሞችን መርምረው በፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ። ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። እንደ እኔዋ ያለችው ስትቀርብላቸው ነጥብ አይሰጧትም፤ በመለያው ወረቀት ላይ «ጸድቷል» የሚል ቃል ይጽፋሉ። ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ ምርቃት ነው። ልጅ ታጥቦ ሲወጣ ጸዳ እንላለን፤ ሰማዩ ሲገለጥ ጠዳ፣ ሐሳብ ከተንኮል ነጻ ሲሆን ንጹሕ። እዚያ ወረቀት ላይ ግን ፍርድ ነው። ለእናቴ ይህን ቃል እንዴት አድርጌ እተረጉምላታለሁ ብዬ ሳስብ ባቡሩ ከምወርድበት ጣቢያ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ምንም ሳንቲም አልገዛሁም። ጨረታ ግን አልቀረሁም። አንዳንዴ የ1902 ፕሩፍ ይወጣና ጠይቄ አያለሁ። አብዛኛዎቹ ልክ እንደ እኔዋ የሆነ ዘመን ላይ የሆነ ሰው ፈትጓቸዋል። የፈዘዘ ወርቅ ማየት የማያስችለው የእናቴ እጅ ብቻ አለመሆኑን አየሁ። በዚህም አገር ስንት እናት፣ ስንት የቤት ሠራተኛ፣ ስንት ሥርዓት ወዳድ አባት ለእንግዳ ሊያሳየው ሲል ወልውሎታል። እነዚያን የተፈተጉ ሳንቲሞች ሰብሳቢው ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል። እኔ አሁን ረጅም ጊዜ የማየው እነሱን ነው።

ያልነገርኳት

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ በስልክ ስንጨዋወት እናቴ ሳትታሰብ ጠየቀችኝ።

«ያን ጊዜ በዚያች ሳንቲም ላይ ምን አጥፍቼብህ ነው?»

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ፊትህ ነዋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ እንዲያው ምን ቢሆን ነው ብዬ...»

ሁሉንም ነገርኳት። አሸዋውን፣ ዱቄቱን፣ ነጋዴውን፣ ዋጋውንም። ለፋሲካ የላክሁት ለምን እንዳነሰም። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። እያለቀሰች መስሎኝ «እማዬ፣ ግድ የለም እኮ» አልኩ።

«ቆይ፣ ዝም በል» አለችኝ፤ አላለቀሰችም። «የደብራችን ሥዕል የዕጣን ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል። አንድ ቀን እንጥረገው ብለን ሴቶቹ ተሰብስበን ስንሄድ አባ ምን አሉን? ሥዕል አይፈተግም፤ በመጋረጃ ይሸፈናል እንጂ አሉን። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። አንተ ግን ሥዕል ነው አላልከኝም። ወርቅ ነው አልከኝ።»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ያን ሁሉ ጊዜ እሷ አይገባትም ብዬ ያሰብኩትን ነገር እሷ ከእኔ በፊት፣ ከአባ ተምራ ታውቀው ነበር። የሚያስፈልጋት ትክክለኛው ስሙ ብቻ ነበር። በመሐረቡ ላይ ሳሳያት «ሥዕል ነው እማዬ፤ አንድ ሰው በእጁ የሠራው፣ በአሸዋ ያለበሰው ሥዕል ነው» ብላት ኖሮ፣ መጋረጃ ትሰፋለት ነበር እንጂ ብሩሽ አታነሣበትም ነበር።

ዘንድሮ በሚያዝያ ተመልሳ መጣች። ከሻንጣዋ ውስጥ ከድርቆሹና ከበርበሬው መካከል በወረቀት የተጠቀለለች የእጅ መዳፍ ግማሽ የምታህል ከረጢት አወጣች። ቀይ ሐር ናት፤ ከራሷ ሥዕል አሮጌ መጋረጃ ቆርጣ የሰፋቻት። ሌሎቹ ሳንቲሞቼ በደረቅ ፕላስቲክ ተዘግተው ነው የሚቀመጡት፤ ጨርቅ ለፕሩፍ አይመከርም። ይህችን ግን ከዚያ ውስጥ አውጥቼ በሐሩ ውስጥ ከተትኳት።

በበዓሉ ዋዜማ ማታ የጠረጴዛውን መብራት አበራሁና አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋት። ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ ሳይ ያገኘሁትን ቦታ ላሳያት ፈልጌ ነበር። በጀርባዋ በኩል ከፈረሱ ሆድ ሥር፣ በኋላ እግሩና በዘንዶው ክንፍ መካከል፣ የብሩሹ ፀጉር ሊደርስበት ያልቻለ ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ የ1902 አሸዋ እንዳለ ነው፤ የሰናፍጭ ፍሬ በማታህል ቦታ ላይ፣ የላመ፣ ብርሃን የሚጠጣ።

መነጽሯን አውልቃ አጉሊውን ዓይኗ ላይ አደረገች። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ በሌላው እጇ ሳንቲሟን የያዘቻት በጠርዟ ነው። አየሽው ወይ ስላት አልመለሰችልኝም። ጎንበስ እንዳለች ቆየች።